የራስህ ሰው እያለ ለሌላው ቤት ትከፍታለህ ወይ ተባልኩ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ።

ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች።

እዚህ አገር የመጣሁት በብራዚል በኩል ነው። ከሳኦ ፓውሎ ተነስቼ፣ ኮሎምቢያንና የዳሪየንን ጫካ አልፌ፣ አገር ለአገር እየተንከራተትኩ በ2019 ታፓቹላ ደረስኩ። ታፓቹላ ጓቲማላ ድንበር ላይ ያለች የሜክሲኮ ከተማ ናት። ያን ዓመት ብዙ አፍሪካውያን ማለፊያ ወረቀት አጥተን እዚያ ተቀምጠን ነበር። ገንዘቤ አለቀ። አንዲት ሴትዮ ምግብ ቤቷ ውስጥ ሰሃን አጣቢ አድርጋ ወሰደችኝ። ማታ ማታ ቶርቲያና ባቄላ በፌስታል ቋጥራ ትሰጠኛለች። ስፓኒሽ የለመድኩትም ከእሷ ነው። የት እንዳለች ዛሬ አላውቅም። ስልኳ ጠፍቶብኛል።

አሁን አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት አግኝቼ፣ ግሪን ካርዴም ወጥቶ በሰላም እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስድ ስሄድ አንዲት ከሆንዱራስ የመጣች እናት ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘሁ። ወረቀቱ የልጅሽን የክትባት ማስረጃ ካላመጣሽ ክፍል አይገባም ይላል። የመጨረሻው ቀን በማግስቱ ነበር። አነበብኩላት፤ ክሊኒክም ደወልኩላት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ለሌላው እየነገረ ፓርኪንጉ ድረስ ይመጣሉ። የሆስፒታል ቢል፣ የአከራይ ደብዳቤ፣ የኮርት ወረቀት ይዘው።

ስለዚህ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በሚበዙበት ላንግሊ ፓርክ አካባቢ አንድ ቤት ልክፈት ብዬ አሰብኩ። በፈቃደኞች የሚሠራ፣ እንግሊዝኛ የሚማሩበት፣ ወረቀታቸው የሚነበብበት፣ ልጆቻቸው የሚውሉበት። አንድ የአገር ልጅ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል በወር 1,200 ዶላር ላከራይህ ብሎኛል። በዚህ ወር መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። እኔና ባለቤቴ ለቤት መግዣ ያጠራቀምነው 9,000 ዶላር አለን።

ባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። ከሁለት ቀን በኋላ «ልጆችህን መቼ ልታይ ነው?» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማከብራቸው አንድ አባት ደግሞ «የራስህ ወገን ትናንት መጥቶ ሰው ሶፋ ላይ እያደረ፣ አንተ ለስፓኒሽ ቤት ትከፍታለህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው። በዚያ ላይ ስፓኒሼ የወጥ ቤት ስፓኒሽ ነው። እኔ ማን ነኝና ነው ለእነሱ ቤት የምከፍተው? ልተወው ስል ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

* * *

ወንድሜ፣

ቀን የተቆረጠለት ነገር ስላለ ከእሱ ልጀምር። ክፍሉን አትከራየው። ቢያንስ አሁን አትከራየው። ሊዝ ላይ ከፈረምክ ሰው መጣም ቀረም፣ ፈቃደኛ ተገኘም አልተገኘም፣ በየወሩ 1,200 ዶላር ያንተ ዕዳ ነው። ያላችሁ ገንዘብ ስምንት ወር እንኳ አያደርስም። ይህም መብራቱን፣ ኢንሹራንሱንና ወንበሩን ሳንቆጥር ነው። ለአገርህ ልጅ «ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ግን አልችልም» በለው። ክፍሉ ለሌላ ሰው ቢሄድም አይጭነቅህ። ላንግሊ ፓርክ ባዶ ክፍል አያጣም።

ይህን የምልህ ሐሳብህ ጥሩ ስላልሆነ አይደለም። በጣም ጥሩ ነው። ደብዳቤህን ሳነብ ግን አንድ ነገር አየሁ። ወደ ፓርኪንጉ የሚመጡት ሰዎች የጠየቁህ ክፍል አይደለም። የሚያምኑትን፣ ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳቸውን ሰው ነው የጠየቁህ። ያ ሰው በታወቀ ቀንና በታወቀ ቦታ ከተገኘ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ለዚያ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

ወደ ጠረጴዛው ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ታፓቹላዋ ሴትዮ እናውራ። ቅር ካላለህ ልጠይቅህ፤ እንቅልፍ የሚነሳህ የላንግሊ ፓርክ ሰዎች ችግር ነው ወይስ ለእሷ ያልመለስከው ውለታ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አያሳፍርም። ግን ለይተህ እወቀው። ውለታ የከበደው ሰው ልክ አያውቅም። «ይበቃል» የሚለው ማን ነው? እሷ የለችም። ስለዚህ ገንዘቡንም፣ እንቅልፉንም፣ የልጆቹንም ሰዓት እየጨመረ ይሰጣል። ያቺ ሴት ያደረገችልህን ደግሞ እስቲ ልብ ብለህ እየው። ምግብ ቤቷን አልዘጋችልህም። ልጆቿን አላስራበችልህም። ሥራ ሰጠችህ፤ ማታ ከተረፈው ቋጠረችልህ። ካላት ላይ፣ በምትችለው ልክ ሰጠችህ። አንተም በዚያው ልክ ብትሰጥ አላነስክም።

አሁን ወደ ቤትህ እንግባ።

ባለቤትህ «አይሆንም» አላለችህም። «ልጆችህን መቼ ልታይ ነው?» አለችህ። ይህ ስለ ሰዓት የቀረበ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ቀን ፓርኪንግ፣ ሁለት ማታ ኡበር። ከዚህ ላይ የስልኩ ጥሪና የሚመጣው ሰው ሲጨመር ልጆቹ ቀድሞውንም የሚያገኙት ትርፍራፊውን ነው። እሷም የሰው ቤት እየዞረች ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ የምትውል ሴት ናት። ሌላውን መርዳት ምን እንደሚያስከፍል ካንተ ይልቅ እሷ ሳታውቀው አትቀርም። ለሁለት ቀን ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ ጠይቀሃታል? በገንዘቡ ይሆን? በሰዓቱ? ወይስ ሳታማክራት ከባለ ሱቁ ጋር ዋጋ ድረስ መነጋገርህ? ደብዳቤህ ላይ መጀመሪያ ለማን እንደነገርክ አልጻፍክም። እሷ ግን ታውቀዋለች።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ በሉና ሁለት ነገር አስቀድመህ ቃል ግባላት። አንደኛ፣ 9,000ው ዶላር አይነካም። የሁለታችሁ ላብ ነው፤ ለቤት ተብሎ የተጠራቀመ ነው፤ ለቤት ይዋል። ሁለተኛ፣ ለዚህ ሥራ በሳምንት የምትሰጠውን ሰዓት የምትወስነው እሷም ናት። ሁለት ሰዓት ካለች ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ «አንቺ ምን ትያለሽ?» በላትና ጨርሳ እስክትናገር አትመልስላት። በፈቃደኝነት እንድታግዝህ ግን አትጠይቃት። ከፈለገች ራሷ ትመጣለች።

የቤተ ክርስቲያኑ አባት ያሉህን በቀላሉ አላልፈውም። ሶፋ ላይ የሚያድር ልጅ በእርግጥ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያም አለ። ስለ ወገን ማሰባቸው ያስከብራቸዋል። ነገር ግን አንዱን መርዳት ሌላውን መንፈግ ነው የሚለውን አልቀበልም። የራሳችንን ታሪክ ብናይ እንኳ አይደግፈውም።

ዋሽንግተን ዲሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተህ በአማርኛ የተጻፈ ፎርም አይተህ ታውቃለህ? በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ ነው ያመጣው። ያ ሕግ አማርኛን ለብቻው አልጠቀመም። ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ቬትናምኛ፣ ኮሪያኛ ተናጋሪዎችም አብረው የተጠቀሙበት ነው። አብሮ የቆመ ሰው ነው ያገኘው። በ1988 እዚያው ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ውስጥ የተከፈተውን ሜሪስ ሴንተር የሚባለውን የጤና ማዕከልም እየው። መጀመሪያ የታሰበው ከማዕከላዊ አሜሪካ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበር። ዛሬ ከእኛም እናቶች ስንቶቹ ይገለገሉበታል። በተቃራኒው ደግሞ አርሊንግተን ላይ በ1983 ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተብሎ የተቋቋመው ኢሲዲሲ፣ ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞችን ያሰፈረ ትልቅ ድርጅት ሆኗል። ማንም «ለምን ለሌላው?» ብሎ በሩን አልዘጋበትም።

ለእኚህ አባት ግን ክርክር ይዘህ አትሂድ። ሥራ ስጣቸው። «አባቴ፣ ያ ሶፋ ላይ የሚያድረው ልጅ ማን ነው? ያገናኙኝ» በላቸው። በቅርብ ዓመታት ከመጡት ልጆቻችን መካከል ባንተው መንገድ፣ በዳሪየን በኩል ያለፉ ብዙ ናቸው። በ2023 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ያንን ጫካ አቋርጧል። አብዛኛው የቬኔዝዌላ ሰው ይሁን እንጂ የእኛም ልጆች ነበሩበት። ያ ልጅ እንዳንተ ትንሽ ስፓኒሽ ይችል ይሆናል። ወረቀት የሚያነብለት ሰውም ይፈልጋል። እሱም ጠረጴዛው ጋ ይምጣ። ዛሬ ይረዳ፤ ነገ ደግሞ ይርዳ።

«እኔ ማን ነኝ?» ላልከው ደግሞ የምልህ አለኝ። ጎረቤት ነህ። መንገዱን የምታውቅ ሰው ነህ። በቂ ነው። ጥርጣሬህ ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ይነግርሃል፤ ባለቤቶቹ እነሱ መሆን አለባቸው። በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ሰው ስልክ፣ በአንድ ሰው ምሕረት የሚንቀሳቀስ ቤት ያ ሰው የታመመ ዕለት ይዘጋል። ያቺ የክትባት ወረቀት ይዛ የቆመች እናት ዛሬ የት ናት? ደህና ከሆነች የመጀመሪያዋ የኮሚቴ አባል እሷ ናት። የትኛው ሕንፃ ውስጥ ማን እንደገባ፣ ማን ባል እንደሌለው፣ ማን ልጅ እንደታመመበት እሷ ታውቃለች። አንተ አታውቅም።

አምስት ሰው ፈልግ። ከአምስቱ ሦስቱ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይሁኑ። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች። እድር ታውቃለህ አይደል? ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፤ እንደዚያው ነው። ሰብሳቢው አንተ ባትሆን እመርጣለሁ። ገንዘብ ያዡም አትሁን። አንተ አገናኝ ሁን።

ስትሰበሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከሚመጡት ውስጥ ስፓኒሽ የማይናገር አለ ወይ? ይህን የምልህ በምክንያት ነው። ከጓቲማላ ከሚመጡት ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በማም፣ በኪቼ ወይም በሌላ የማያ ቋንቋ ነው። ስፓኒሽ ለእነሱም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አንዲት እናት አንተ በስፓኒሽ ስታወራት «ሲ፣ ሲ» እያለች አንገቷን ብትነቀንቅ ገብቷታል ማለት ላይሆን ይችላል። እኛ ከኦሮሚያም፣ ከትግራይም፣ ከሲዳማም የመጣውን ሁሉ በአማርኛ ብቻ ስናናግር የሚሆነውን ታውቃለህ። በማም የሚያስረዳ አንድ ሰው ብታገኙ ከአሥር የስፓኒሽ አስተርጓሚ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ክፍል ከመፈለግህ በፊት ያሉትን ቤቶች ዙር። አንተ ያለህበት አካባቢ ባዶ አይደለም። ካሳ የሚባለው ድርጅት በ1985 የተጀመረው ታኮማ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ነው። ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ነበር። ዛሬ ትልቅ መሥሪያ ቤቱ እዚያው ላንግሊ ፓርክ ነው። ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎም በ1983 በፈቃደኛ ሐኪሞች የጀመረ ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲ የጊልክሪስት ማዕከል ከ2001 ጀምሮ ለአዲስ መጤዎች በነፃ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሄደህ ጎብኛቸው። «እኔም እንደናንተ ልከፍት ነው» አትበል። «ሰው መጥቶ የማትችሉለት፣ የምትመልሱት ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ያንተ ሥራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ እንግሊዝኛ ማስተማሩን ለእነሱ ተውላቸው። መምህር አላቸው፤ መጽሐፍ አላቸው። ይልቅ ቀን ጣራ ሲያለብስ ወይም ቢሮ ሲያጸዳ ውሎ ማታ ክላስ የማይደርስ ሰው ምን ያድርግ? ልጇን የምታስይዝበት ያጣች እናትስ? ምናልባት የጎደለው የእሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ይሆናል። እዚያ ገብተህ ስትጠይቅ ይገለጥልሃል።

ቦታውን በተመለከተ ሦስት በር አንኳኳ። አንደኛው ልጅህ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ወላጆችን የሚያገናኝ ሠራተኛ አላቸው፤ እሱን አነጋግር። ሁለተኛው የሰፈሩ ላይብረሪ ነው። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። የእኛው ቢሆን፣ የስፓኒሾቹ ቢሆን ግድ የለም፤ አዳራሹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶውን ከዋለ ይጠየቅ። ለእኚያ አባት የምትሰጣቸው ሁለተኛ ሥራ ይህ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው እሁድ እንዲህ ይሁን። አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር። እስክሪብቶና ደብተር። የስልክ ቻርጀር፤ አትርሳው፤ ሰው ስልኩ ሲዘጋበት ወረቀቱ ፎቶ ሆኖ የተቀመጠው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ ምንጣፍ፣ ባለ ቀለም እርሳስና ወረቀት ለልጆች። ልጆቹን ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይጠብቋቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር አይቅር። ቡና ይፈላ። እነሱም ቡና አምራች አገር ሰዎች ናቸው፤ ያጣጥሙታል። ሦስት ሰው ከመጣ ብዙ ነው።

ሰዎቹ የሚያመጡትን ወረቀት አንተም ታውቀዋለህ። አብዛኛው ሥራ ከማንበብና ከመደወል አያልፍም። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ከሆነ አንዲት ነገር እወቅ፤ ከ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ማንኛውም ልጅ ወረቀት ኖረውም አልኖረውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው። ልጁን ሲያስመዘግቡ የኢሚግሬሽን ጉዳያቸውን የመናገር ግዴታ የለባቸውም። ይህን የማያውቁ ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ያስቀምጣሉ። የሆስፒታል ቢል ከሆነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የግድ አስፈላጊ ሕክምናን በነፃ ወይም በቅናሽ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሁለት እጥፍ ካልበለጠ ነፃ ነው። ግን ሰውየው ማመልከት አለበት፤ ማመልከቻው ደግሞ ገጽ ይበዛዋል። አንድ ፈቃደኛ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢያስሞላው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ሊወርድለት ይችላል።

አሁን የምለውን ግን አጥብቀህ ያዝልኝ። የኢሚግሬሽን ፎርም አትሙሉ። አንተም፣ ኮሚቴውም፣ ማንም ፈቃደኛ። አሳይለምህን ራስህ ሞልተኸው ሊሆን ይችላል፤ የጓደኞችህንም ሞልተህ ይሆናል። አሁን ግን ነገሩ ይለያል። በሰው ጉዳይ የትኛው ፎርም እንደሚሻል መምከርና አዘጋጅቶ ማስገባት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። አንድ የተሳሳተ መስመር የሰው ሕይወት ያበላሻል። በእኛም፣ በእነሱም ሰፈር ፎርም እንሞላለን እያሉ ብር የሚበሉ ሰዎች ስንቱን ለዲፖርት እንዳበቁት ታውቃለህ። አንተ በቅን ልብ ብትሠራውም ጉዳቱ ያው ነው።

የምትችለው ይህ ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚል አንብብለት፤ ቀኑን በትልቁ ጻፍለት፤ የነፃ ጠበቃ ስልክ ስጠው። ከተቻለ እዚያው ቁጭ ብሎ እንዲደውል አድርግ። ሁሉም ሊያውቃቸው የሚገቡ ቀኖችም አሉ፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። አሳይለም በመሠረቱ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የሚጠየቀው። ኮርት ያለበት ሰው ቤት ከቀየረ በአምስት ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ይህን ሳያደርግ ቀርቶ መጥሪያው አሮጌ ቤት ሄዶ፣ ሰውየው ሳይቀርብ በሌለበት የሚፈረድበት ብዙ ነው። ሰው ሶፋ ለሶፋ እየተዘዋወረ ሲያድር አድራሻ በየወሩ ይቀየራል። ላንተ ሳልነግርህም ታውቀዋለህ።

ፍርሃቱንም እናስብበት። ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሰው እንዳይያዝ ይከለክል የነበረው መመሪያ ጃንዋሪ 2025 ላይ ተሽሯል። ስለዚህ ሰው ወደ እናንተ የሚመጣው እየፈራ ነው። የሰው ስምና የወረቀት ሁኔታ አትመዝግቡ። «እንዴት ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ዕርዳታ ለማሰባሰብም ቢሆን። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋብዛችሁ፣ መኮንን በር ላይ ቢመጣ ማን እንደሚያናግረው፣ ምን ዓይነት ማዘዣ ምን እንደሚፈቅድለት ያሠልጥናችሁ። ይህን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ።

ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ግን ብዙ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይም የራሳችሁ ድርጅት አያስፈልግም። ሰው ሃያ ዶላር ልስጥህ ሲል በራስህ ዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ አትቀበል። አንድ ዶላርም ቢሆን። ሰፈሩ ውስጥ የሚታመን፣ ከታክስ ነፃ የሆነ ድርጅት ወይም ቤተ ክርስቲያን ገንዘቡን በሥሩ እንዲይዝላችሁ ጠይቁ። ሥራው ጸንቶ ዓመት ካለፈው በሜሪላንድ ተመዝግባችሁ ከታክስ ነፃ ለመሆን ማመልከት ትችላላችሁ። የዓመት ገቢው ከ50,000 ዶላር ለማይበልጥ ትንሽ ድርጅት አጭር ማመልከቻ አለ፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ከዚያ በየዓመቱ ለታክስ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተረሳ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል፤ በዚህ የወደቁ ማኅበሮች ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ነው ጎበዝ ጸሐፊ የሚያስፈልገው።

የፈቃደኛ ነገር ደግሞ ልብ ይፈልጋል። በ2022 ከቴክሳስ የተላኩ አውቶቡሶች ዩኒየን ስቴሽን ሰው ማራገፍ ሲጀምሩ ሌሊት ሳይቀር ወጥተው የተቀበሉት በአብዛኛው የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ውሃ፣ ዳይፐር፣ ጫማ ይዘው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ደከሙ፤ ራሳቸውም በይፋ ተናገሩት። ሰው ቸር ስለሆነ ብቻ አይዘልቅም። በወር አንድ እሁድ ብቻ የሚመጣ፣ ግን የማይቀር ሰው ያስፈልጋችኋል። ለሁሉም ተራ አውጡ። አንተም በተራህ ብቻ ግባ። በሳምንቱ መሐል ስልክህ ሲጠራ «እሁድ ጠረጴዛው ጋ ና፤ እኔ ባልኖር እንትና አለች» ማለት ልመድ። ይህ መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል፤ ጨካኝ የሆንክም ይመስልሃል። አስቸኳይ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የነገ ኮርት ካለበት፣ አንሳለት። የቀረው እሁድ ይደርሳል። ልጆችህ አባታቸውን የሚያገኙት በዚያች «እሁድ ና» ውስጥ ነው።

ሦስት ወር ስጠው። ሦስት ወር ሲሞላ ኮሚቴው ተቀምጦ እነዚህን ይጠይቅ። ሰው ይመጣል ወይ? አንተ ያልነበርክበት እሁድ ሥራው ተሠርቷል ወይ? ባለቤትህ ምን ትላለች? ሦስቱም ጥሩ ከሆኑ ሰዓት ጨምሩ፤ ሰፋ ያለ ቦታም ፈልጉ። አንተ በሌለህበት ካልሠራ ደግሞ አትስፉ፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው አሠልጥኑ። ሰው ካልመጣም ሽንፈት አይደለም፤ ያሉት ድርጅቶች ጉዳዩን ይዘውታል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ያንን የእሁድ ሁለት ሰዓትህን ይዘህ ከእነሱ ወደ አንዱ ሂድ። በስልክ ወይም በኢሜይል አትጠይቅ፤ በአካል ገብተህ አማርኛም ስፓኒሽም እንደምትችል ንገራቸው።